አባባ፣ የሌሊቱ ሥራ ይብቃዎት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ስለ ጡረታ ባነሳሁ ቁጥር «እናትሽስ?» ብለው ወሬውን ይዘጉታል። ስለዚህ ጻፍኩልዎ። ረጋ ብለው ያንብቡልኝ።

እስካሁን ከፓርኪንጉ የሌሊት ሥራ ያልወጡት ለኢንሹራንሱ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። የእርስዎ ስኳር፣ የእማዬ ደም ግፊት፣ ሁሉም የተንጠለጠለው እዚያ ሥራ ላይ ነው። ግን ባለፈው እሑድ ካልሲዎን ሲያወልቁ አየሁ። እግርዎ አብጦ የካልሲው አፍ ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ስኳር ላለበት ሰው ይሄ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ለመታከሚያው ሲሉ ሕመሙን እያባሱት ነው።

በማርች 65 ዓመት ይሞላዎታል። ያኔ ሜዲኬር፣ የመንግሥትን የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ፣ ያገኛሉ። ከ10 ዓመት በላይ ሠርተው ታክስ ስለከፈሉ ለሆስፒታሉ ክፍል፣ ለፓርት ኤ፣ ወርሃዊ ክፍያ የለብዎትም። ለፓርት ቢ፣ ለሐኪሙ ማለት ነው፣ በየወሩ ይከፈላል። ኢንሱሊንዎ ደግሞ በሜዲኬር የመድኃኒት ሽፋን ለእያንዳንዱ ዓይነት በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም። ምዝገባው ከልደት ወርዎ 3 ወር ቀድሞ ይከፈታል።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። እውነት ነው፣ እሷ ራሷ 65 እስኪሞላት የእርስዎ ሜዲኬር አይሸፍናትም። ገና 60 ዓመቷ ነው። እርስዎ ያሰቡት እነዚህን 5 ዓመታት ሌሊት ቆመው ሊሞሉላት ነው። አያስፈልግም፣ አባባ! የሥራ ቦታው ኢንሹራንስ ሲቋረጥ እሷ በቨርጂኒያ ማርኬትፕሌስ፣ ሰው ለራሱ ኢንሹራንስ በሚገዛበት የመንግሥት ገበያ፣ ለመመዝገብ 60 ቀን ይሰጣታል። ከ2014 ጀምሮ «ደም ግፊት አለብሽ» ብሎ ሊመልሳት የሚችል የለም። ገቢያችሁ በጣም ከወረደ ሜዲኬይድም፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ አለ፤ ቨርጂኒያ ከ2019 ጀምሮ እሷን ለመሰሉ ሰዎች አስፍታዋለች። ዋጋው ግን ቀላል ነው ብዬ አልዋሽዎትም። በእሷ ዕድሜ ያለን ሰው ከወጣቱ እስከ 3 እጥፍ ማስከፈል ይችላሉ፣ የመንግሥት ድጎማውም እንደ ገቢያችሁ ነው። የጎደለውን እኔና ወንድሜ እንሞላለን። ተነጋግረን ጨርሰናል።

ቤት መዋል ከከበደዎት በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን ፈረቃ ይሥሩ። እስከ ዛሬ ሰዓት መቀነስ የፈሩት ኢንሹራንሱ ለፉል ታይም ሠራተኛ ብቻ ስለሆነ ነበር። ሜዲኬር ሲገቡ ያ ስጋት የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። ከሥራ ቦታ የተሰጣችሁን የኢንሹራንስ ወረቀትና የሁለታችሁን የመድኃኒት ዝርዝር አዘጋጁልኝ። ለእማዬ የምንመርጠው ፕላን ሐኪሟን የሚቀበል መሆኑን አብረን እናያለን።

አክባሪ ልጅዎ