በምንኖርበት አገር እንዙር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባህር ማዶ የምንኖር ሰዎች የዓመት ፈቃድ በመጣ ቁጥር ልባችን ወደ ትውልድ አገር ይሸፍታል። አልፈርድም፤ ናፍቆት ነው። ግን የምንኖርበትን አገር ከቤትና ከሥራ ውጪ ሳናውቀው ዓመታት ይነጉዳሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

እኔ የአገሩን ሰው የቀረብኩት ቀርፋፋው ባቡር ላይ ነው። ፈጣኑ ትንንሾቹን ጣቢያዎች ሽው ብሎ ያልፋቸዋል። ቀርፋፋው ግን ሁሉም ጋ ይቆማል። ተማሪዎች ግር ብለው ይወርዳሉ። አንዲት እናት የችግኝ ሳጥን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ይቀመጣሉ። ከዚያ ወሬ ይጀመራል። ቋንቋው ቢይዘኝም የሚያጣድፈኝ የለም። እሳቸውም ቃላቱን ቀስ እያሉ ስለ አፈራቸው፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ ያጫውቱኛል። በከተማ ወረፋ ላይ እንዲህ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም።

"እኛ እንግዶች ነን፣ ምን አዞረን?" የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 13 ማንኛውም ሰው በአገር ውስጥ የመዘዋወር መብት አለው ይላል። ዜጋ ብቻ አይልም። የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ውጡ!

ዝግጅት ክፍሉም አንባቢዎች ስለሚኖሩበት አገር ትንንሽ ከተሞች የሚጽፉበት አምድ ቢከፍትልን ደስ ይለኛል።

አክባሪያችሁ