“ጋሼ፣ ይህ ዘጠኝ ነው”፦ የኮምፒውተር ጥገና ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ

የድራማ ክበብ መድረክ አለው፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የተከላቸውን ችግኞች በጣቱ ያሳያል። የእኛ ሥራ ግን ሲያልቅ ክዳን ይገጠምበታል፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ኮምፒውተሩ ያው የድሮው ነው። “ካቻቢቴ ይዘው ከመዞር ሌላ ምን ይሠራሉ?” የሚለው የመምህራን ማረፊያ ክፍል ቀልድ የመጣውም ከዚህ ይመስለኛል። ቀልዱን የሚያዘወትሩት ባልደረቦቼ በሰኔ የውጤት ማጠቃለያቸውን ያዘጋጁት እነዚሁ ልጆች ባነቋቸው ኮምፒውተሮች እንደሆነ በትሕትና ላስታውስ።

ቤተ ሙከራችንን የሚያውቅ ያውቀዋል። በመስኮቱ በኩል የተደረደሩት ኤችፒ ኮምፓክ 8000 ኤሊት፣ በግድግዳው በኩል ያሉት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 755 ናቸው። ሁለቱም ዓይነት መሥሪያ ቤቶች ተገልግለውባቸው የለቀቋቸው፣ ዕድሜያቸው ከተማሪዎቻችን ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ዕቃዎች ናቸው። መስከረም ላይ አብዛኞቹ የነበራቸው ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ፣ 2 ጊጋባይት ነበር። አንድ የጽሑፍ ሰነድና አንድ ድረ ገጽ አብረው ሲከፈቱ ሃርድ ዲስኩ ይንቋቋል፣ ስክሪኑ ይደርቃል፣ ደወል ይደወላል። ራም ሲሞላ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ያሸጋግራል፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም አንጻር እጅግ ዘገምተኛ ነው። “አርጅተዋልና ይወገዱ” የሚል ሐሳብ ቀርቦ እንደነበር ይታወሳል። የክበባችን አቋም ማሽኖቹ ሥራ አላቃታቸውም፣ ቦታ ጠቧቸው ነው የሚል ነበር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተፈታኞች በኦንላይን መሰጠት ከጀመረበት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ኮምፒውተር አስወግዶ ባዶ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ቀልድ አይደለም።

ራም መጨመር ቀላል ይመስላል፤ ክዳኑን ከፍቶ መሰካት ነው። ችግሩ የትኛውም ራም ለየትኛውም ኮምፒውተር አለመሆኑ ነው። ዴሎቹ የሚቀበሉት ዲዲአር 2 የተባለውን የራም ዓይነት ሲሆን ኤችፒዎቹ የሚቀበሉት ከእሱ በኋላ የመጣውን ዲዲአር 3 ነው። ወደ መሰኪያው የሚገቡት የሁለቱም ጥርሶች ብዛት 240፣ ርዝመታቸውም እኩል በመሆኑ እንዲያው በጨረፍታ ያየ ሰው አይለያቸውም። የሚለያቸው በጥርሶቹ መካከል የተቆረጠችው ክፍተት ናት፤ ቦታዋ በጥቂት ሚሊሜትር ይለያያል። ዲዲአር 2 በ1.8 ቮልት፣ ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት ስለሚሠሩ ክፍተቷ የተቀመጠችው አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይሰካ ለመከላከል ነው። አልገባም ያለን ራም በጉልበት መግፋት መሰኪያውን መስበር ነው፤ ይህን ለአዲስ አባላት የምንነግራቸው ካቻቢቴ ከማስጨበጣችን በፊት ነው።

መደበኛ ስብሰባዎች ማክሰኞ ማክሰኞ ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤው ከጸሐፊዋ ዘንድ ይገኛል። ምርጫ ተደረገ፣ ዕቅድ ጸደቀ፣ በክፍሉ አጠቃቀም ከሒሳብ ክበብ ጋር ተጨቃጨቅን፣ ታረቅን። በመጀመሪያው ሴሚስተር የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ሞዴል፣ ያለው ራምና የቀረው ክፍት መሰኪያ በመዝገብ ሰፈረ። መዝገቡን ያልያዘ ገበያ አይወጣም የሚለውን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው።

ከዓመቱ ሁሉ የማልረሳው የመርካቶውን ጉዞ ነው። ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) በተፈቀደልን ገንዘብ ለኤችፒዎቹ ባለ 4 ጊጋባይት ያገለገለ ራም ልንገዛ ወጣን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ወዴት እንደሄደ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም፤ ጥር ላይ የተፈቀደው ብር መጋቢት ላይ ሌላ ብር ነበር። ስለዚህ አንድ ባለሱቅ “ዲዲአር ሦስት፣ አራት ጊጋ፣ ከሌላው ሱቅ በቅናሽ” ብሎ በርከት ያሉ ራሞች ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋልን ወንዶቹ ልጆች ገንዘቡን እንድቆጥር በዓይናቸው ወተወቱኝ።

ስሟ እንዳይጻፍ የጠየቀችኝ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን አንዱን ራም ጠርዝና ጠርዙን ይዛ አነሣችው። ጥርሶቹን አልነካቻቸውም። ወደ በሩ ብርሃን ዘንበል አድርጋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች።

“ጋሼ፣ ይህ ዘጠኝ ነው” አለችው።

“ምኑ?”

“ቺፑ። የእኛ በአንድ ጎኑ ስምንት ነው። ጽሑፉም መጨረሻ ላይ አር የሚል ፊደል አለው። የሰርቨር ነው፤ እኛ የምንፈልገው ዩ የሚለውን ነው።”

ልክ ነበረች። ሰርቨር ብዙ ኮምፒውተሮችን በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ኮምፒውተር ነው፤ በራሙ ላይ በተለጠፈው ወረቀትም ፒሲ3-10600አር ይላል። ዘጠነኛዋ ቺፕ ስሕተት ለማረም የተጨመረች ናት፤ አር የሚለው ፊደል ደግሞ በራሙና በኮምፒውተሩ መካከል ሌላ አስተላላፊ ቺፕ እንዳለ ይናገራል። ክፍተቷ ከእኛው ጋር አንድ ስለሆነች ኤችፒው ላይ ያለ ችግር ይሰካል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሣም። ዋጋው የረከሰበት ምክንያትም ይኸው ነበር።

ባለሱቁ ግንባሩ ላይ የነበረውን መነጽር አውርዶ ጽሑፉን ራሱ አነበበ። “የኔ ልጅ፣ እኔ እንደመጣልኝ ነው የምሸጠው። ለካ ሰው ‘አልሠራም’ እያለ የሚመልስልኝ ይህን ነው” አላት፤ አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ጎትቶ አወጣ፤ የተደበላለቀ ራም ሞልቶበታል። “ይህን ለይታችሁ ከሰጣችሁኝ በዋጋው እንግባባለን።”

ልጆቹ በባዶ ሳጥኖች ላይ ተቀመጡ። ዲዲአር 2 ለብቻ፣ ዲዲአር 3 ለብቻ፣ የሰርቨሩ ለብቻ፣ አጫጭሮቹ የላፕቶፕ ራሞች ለብቻ። እሷ ታዛለች፣ የ12ኛ ክፍል ወንዶች ይታዘዛሉ። በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ስትመልስ አይቻት የማላውቅ ልጅ ናት። ሰውየው ለእኛ የመረጥናቸውን አንድ በአንድ በራሱ ማዘርቦርድ (የኮምፒውተር ዋና ሰሌዳ) ላይ ፈትኖ፣ ዋጋውን ቀንሶ፣ “ክረምት ላይ ሥራ ካማራችሁ ኑ” ብሎ ስልኩን የጻፈው ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነው። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ ያዞርኩት መንገዱን ለማየት አልነበረም።

ገጠማው በቀጣዮቹ ሳምንታት ተካሄደ። በኤችፒዎቹ ላይ ጥቁሩ መሰኪያ ባዶ መቅረት የለበትም፤ እኩል መጠን ያላቸው ራሞች ደግሞ በሁለቱ የመተላለፊያ መስመሮች ጥንድ ሆነው ሲቀመጡ ፍጥነት ይጨምራል። ራም በደንብ ካልተቀመጠ ቀዩ መብራት አምስት ጊዜ ይበራና ይጠፋል፣ ማሽኑም አምስት ጊዜ ይጮሃል። ያን ጩኸት ሲሰማ ላጲስ ይዞ የሚሮጥ ተማሪ አለን፤ የዛጉ ጥርሶች በላጲስ ሲታሹ ብዙ ጊዜ ይነቃሉ። ከዚያ ኮምፒውተሩን የሚመራው ዋና ፕሮግራም ተለወጠ፤ ድጋፉ በ2012 ዓ.ም የተቋረጠው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 ወጥቶ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ሚንት ተጫነ። ባለ 32 ቢቱ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም መጠቀም ስለማይችል፣ ነባሩ ቢቆይ ኖሮ ከዚያ በላይ የገጠምነው ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር። በግንቦት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የኦንላይን ፈተና ልምምድ ያደረጉት በእነዚህ ማሽኖች ነው።

ያልተሳካም አለ። አሜሪካ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን በቅን ልብ ባለ 8 ጊጋባይት የዲዲአር 3 ራሞች ላከልን። የኤችፒዎቹ ማዘርቦርድ በአንድ መሰኪያ ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለማይቀበል አልሠሩልንም፤ ከእነሱ አዲስ በሆነው የርዕሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን ሠሩ፤ ስለዚህ ዛሬ የግቢው ፈጣን ኮምፒውተር ደብዳቤ የሚጻፍበት ነው። ለዴሎቹ የሚሆን ባለ 2 ጊጋባይት ዲዲአር 2 በበቂ አላገኘንም፤ የግድግዳው በኩል ገና በዝግታ ይተነፍሳል። አንድ ኮምፒውተር ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍልለት ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። ስታቢላይዘር የጠየቅንበት ደብዳቤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ “በሂደት ላይ” ነው።

የስፖርት ክበብ በየዓመቱ ማሊያ ይገዛለታል፤ ይገባዋልም፣ አልቀናንም። እኛ ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ የምንጠይቀው ለዴሎቹ ራም፣ ለክፍሉ አንድ ስታቢላይዘርና ለአባላት ጥቂት ካቻቢቴ ነው። ዕቃ በስጦታ ልትሰጡን የምታስቡ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን ተመልከቱልን፤ የሚፈለገው ዓይነትና መጠን በየሞዴሉ ተጽፎ በቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል። የግዥ ኮሚቴው ራሱ ገበያ የሚወጣ ከሆነም ከአባሎቻችን አንዷን ይዞ ቢሄድ ደስ ይለናል። ማክሰኞ ከቀኑ 9፡30 በኋላ እዚያው አለን።