መሀል ላይ ትተኸው የወጣኸው ፊልም

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልህ ምን ነካው ትል ይሆናል። ትናንት ማታ አንተ ትተኸው የወጣኸውን ፊልም ደግሜ አይቼው ነው።

ያ ቪዲዮ ቤት ትዝ ይልሃል? የብራዚሉን «ሲቲ ኦፍ ጎድ» አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን ያየንበት? ፈርናንዶ ሜሬሌስ ከካቲያ ሉንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ፊልም ነው። ያኔ ለእኔ የገባኝ ተኩሱ ብቻ ነበር።

አጀማመሩማ አሁንም ልብ ይሰቅላል። ቢላዋ ይሳላል፣ ዶሮ ታመልጣለች፣ ሽጉጥ የያዙ ልጆች በየቅያሱ ያባርሯታል። ካሜራ ያንጠለጠለው ቡስካፔ በእነሱና በፖሊስ መሀል ተይዞ ይቀራል። ከዚያ ታሪኩ ወደ 1960ዎቹ ይመለሳል፤ መንግሥት ድሆችን ከሪዮ ዴ ጃኔሮ መሀል አርቆ ወዳሰፈረበት፣ መብራት እንኳ ወደሌለው ሰፈር።

አንተ የወጣህበት ቦታ ስደርስ እኔም አቆምኩት። የሰፈሩ ወንበዴዎች አለቃ ዜ ፔኬኖ ሁለት ሕፃናት ጥግ ይዞ እጃችሁን ወይስ እግራችሁን ልምታ ይላቸዋል። እያለቀሱ እጃቸውን ይዘረጋሉ። እሱ እግራቸውን ይመታል። ከዚያ ለሌላ ልጅ ሽጉጥ ሰጥቶ አንዱን መርጠህ ግደል ይለዋል። የትንሹ ልቅሶ ትወና አይመስልም። አብዛኞቹ ተዋንያን ከዚያው ከሪዮ ድሃ ሰፈሮች ተመልምለው ለወራት የተለማመዱ ልጆች ናቸው። ልጄ አጠገቤ ተኝቶ ነበር። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለትና ብዙ ቆይቼ ቀጠልኩ።

ያኔ አንተ ተነስተህ ስትወጣ ሳቅኩብህ። በማግስቱ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ፈሪ ነው» ብዬ አወራሁብህ። ይቅር በለኝ።

ቅር ያለኝ ነገርም አለ። ኤዲቲንጉ ከመፍጠኑ የተነሳ አንዳንዱ ሞት እንደ ጭፈራ ያልፋል። እናቶቹንም ብዙ አናያቸውም። እነዚያን ልጆች ማን ነበር የሚያለቅስላቸው?

የቀረውን ስላላየኸው ልንገርህ። ማኔ ጋሊኛ የሚባል ጨዋ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ አለ። ዜ ፔኬኖ ፍቅረኛውን ይደፍርበታል፣ ወንድሙን ይገድልበታል። ማኔ ለበቀል ሽጉጥ ሲያነሳ ንጹሕ ሰው አይነካም ብሎ ነው። ከዜ ፔኬኖ ባላንጣዎች ጋር ሆኖ በሚዘርፍበት ጊዜ አንዴ ሰው ይሞታል፤ ይሄ ለየት ያለ ነው ይባላል። ሦስተኛው ዘረፋ ላይ ግን መግደሉ ልማድ ሆኗል። ፊልሙ ውስጥ ከዚህ የበለጠ እውነት የለም ብዬ አምናለሁ።

መጨረሻ ላይ ዜ ፔኬኖን የሚገድሉት ፖሊሶች አይደሉም። የእነዚያ ሕፃናት ጓደኞች፣ የሰፈሩ ትንንሽ ልጆች ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ ማንን እንደሚገድሉ ስም እየጠሩ፣ እየተጫወቱ ይሄዳሉ።

ብቻህን እንዳታየው። ስትመጣ እኔ ቤት አብረን እናየዋለን። መውጣት ካማረህ አብሬህ እወጣለሁ።

የማይረሳህ ጓደኛህ