ባርነት የጥጥ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አሜሪካ ባርነት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ጥሩ ነው። ግን ነገሩ ሁሉ የደቡብና የጥጥ ብቻ ሆኖ መቅረቡ አልተዋጠልኝም። እዚህ ደብረ ብርሃን ታሪክ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼም ስለ አሜሪካ ባርነት ሲጠየቁ ከአፋቸው የሚወጣው ጥጥ ነው።

ጥጥ እኮ ዘግይቶ የመጣ ነው። ጥጡን ከፍሬው ቶሎ እየለየ ጥጥን ያስፋፋው የኢላይ ዊትኒ መዳመጫ የተሠራው በ1793 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ እጽፋለሁ)። ተማርከው የተጫኑ አፍሪካውያን ቨርጂኒያ የወረዱት ግን በ1619 ነበር። እዚያ ሥራው ትምባሆ ነው፤ አለቃ ቆሞባቸው በቡድን ከንጋት እስከ ምሽት። በ1662 ደግሞ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይውረስ የሚል ሕግ ወጣ። እናት ባሪያ ከሆነች፣ ጌታው ራሱ ቢወልደው እንኳ ልጁ ባሪያ ነው ማለት ነው።

ደቡብ ካሮላይና ሌላ ነው። እዚያ ሩዝ ነበር፤ ከምዕራብ አፍሪካ የሩዝ አገሮች የተወሰዱት ሰዎች ሙያውን ይዘው ነው የሄዱት። ረግረግ ውስጥ ቆመው ያርማሉ፣ ከአጨዳ በኋላ በሙቀጫ ይወቅጣሉ፣ ወባው ይፈጃቸዋል። ሥራው ተለክቶ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ሩብ ኤከር (አንድ ሺህ ካሬ ሜትር) ገደማ፤ ያንን የጨረሰ በቀረው ሰዓት የራሱን ጓሮ ይቆፍራል። ደግነት አይምሰላችሁ። በ1739 ስቶኖ ወንዝ አጠገብ መሣሪያ ይዘው የተነሱት እዚሁ ካሮላይና የነበሩ ባሮች ናቸው።

ሰሜኑስ? ማሳቹሴትስ በ1641 ባርነትን በሕግ ፈቅዳለች። የሮድ አይላንድ ነጋዴዎች ሩም የሚባለውን አረቄ አፍሪካ ወስደው በሰው ይለውጡ ነበር። ኒው ዮርክ በ1711 ዎል ስትሪት ላይ የባሪያ ገበያ አቋቋመች፣ ባርነትን ጨርሳ ያስቀረችው በ1827 ነው። በ1991 እዚያው ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ ለመንግሥት ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ከ400 በላይ አፅም የወጣው ከእነዚያ አፍሪካውያን መቃብር ነው።

በየቦታው ሥራው ሌላ፣ ሕጉ ሌላ፣ አመፁም ሌላ ነው። እንዲህ በየአካባቢው ካልተነገረ ጥፋቱን ሁሉ ለአንድ ወገን ሰጥቶ መገላገል ይቀላል።

እኛም ብንሆን ከዚህ አናመልጥም። ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ አለ። ከዚያ ወደ ታጁራ ወደብ ይወርድ የነበረው ሲራራ ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም የሚያደርሰው፣ ሰውም ይነዳ ነበር። ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ በ1942 ከወጣ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም። እባካችሁ ጋዜጠኛ ላኩና ስለዚያ ገበያ ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቁልን። ጽሑፉን ክፍል ውስጥ አስተምርበታለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን