ሽባ አይደለችም፣ ሳባ ናት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ የሳይንስ ገጽ ላይ በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን ስለሚዞሩት አስትሮይዶች (ከፕላኔት ያነሱ ድንጋያማ አካላት) ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡና እየተፈላ ለቤተሰቡ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። «1196 ሺባ» የሚለው ላይ ስደርስ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄ አቋረጠችኝ። «አባባ፣ ሽባ ከሆነች እንዴት ትዞራለች?»

ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ። እንግሊዞች ሳባን የሚጠሩበትን ድምፅ እንዳለ ገልብጣችሁ ንግሥተ ሳባን፣ የእኛዋን ማክዳን፣ በገዛ አገሯ ባዕድ አደረጋችኋት። አስትሮይዷ የተሰየመችው በእርሷ ነው። ደግሞም ሽባ ከመሆን እጅግ የራቀች ናት፤ አማካይ ፍጥነቷ በሰከንድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ እኛ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ለመግባት ግማሽ ቀን የምንንገላታበትን 130 ኪሎ ሜትር በሰባት ሰከንድ ገደማ ትጨርሰዋለች። ምህዋሯ ሰፊ በመሆኑ ግን ፀሐይን አንዴ ለመዞር ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅባታል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ፣ ጽሑፉ «በተገኘችበት ሌሊት ስም ወጣላት» ማለቱ ነው። እኛ እንኳ ሴት ልጅን ክርስትና የምናነሣት በሰማንያ ቀኗ ነው፤ አስትሮይድ ከዚያም በላይ ትጠብቃለች። ሳባን ያገኛት የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሲሪል ጃክሰን በደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ ዩኒየን ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ) ይሠራ ነበር፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. ግንቦት 1931 ነው። በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1923 መሆኑ ነው። ዘራቸውን ከሳባና ከሰሎሞን የሚቆጥሩት ንጉሠ ነገሥት ዘውድ የደፉትም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነበር፤ መገጣጠሙ ደነቀኝ እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አላልኩም።

በዚያ ዘመን አስትሮይድ የሚታደነው በፎቶግራፍ ነበር። አንዱን የሰማይ ክፍል በተለያየ ጊዜ በመስታወት ላይ ያነሡና ሁለቱን ምስሎች ያነጻጽሯቸዋል። ከዋክብቱ ሁሉ ባሉበት ሲገኙ አንዲት ነጥብ ብቻ ፈቀቅ ብላ ትታያለች። ለዚህች ነጥብ መጀመሪያ የተሰጣት ስም ሳይሆን «1931 ኬኢ» የሚል ጊዜያዊ መለያ ነበር። «ኬ» የፈረንጆቹ ሜይ ወር ሁለተኛ አጋማሽ ማለት ነው፤ «ኢ» ደግሞ በዚያ አጋማሽ ከተመዘገቡት አምስተኛዋ መሆኗን ይናገራል።

ከዚያ ምህዋሯ ይሰላል። ያለ እርሱ የተገኘው ነገር መልሶ ይጠፋል፤ የሥነ ፈለክ ሊቁ ፒያዚ እ.ኤ.አ. በ1801 በጣሊያኗ ፓሌርሞ ያገኛት፣ እንደ ሳባ በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞረው ሴሬስ ወደ ፀሐይ ተጠግታ ከዓይን ስትሰወር፣ የ24 ዓመቱ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ምህዋሯን አስልቶ የት ትፈለግ እንደሆነ ባይጠቁም ኖሮ እንደዋዛ ትቀር ነበር። ምህዋሩ አስተማማኝ ሲሆን ቋሚ ቁጥር ይሰጣል፤ የሳባ 1196 ይኸው ነው፤ ስም የሚመጣው ከቁጥሩ በኋላ ነው። ዛሬ ስሙን አግኚው ያቀርባል፣ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ኮሚቴ ያጸድቃል። ፖለቲከኞችና የጦር ሰዎች ከሞቱ መቶ ዓመት ካልሞላቸው ስማቸው አይወጣም። (ይህ ሕግ ለመንገዶቻችንና ለአደባባዮቻችንም ቢሠራ ስንት ታፔላ ከመቀየር እንድን ነበር!)

እርማቱን በሚቀጥለው እትም እጠብቃለሁ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስታውስ፤ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ያለች አንዲት ኮከብ «ቡና»፣ የምትዞራት ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተብለዋል። ስለ እነርሱ የምትጽፉበት ቀን ሲመጣ፣ እባካችሁ ከእንግሊዝኛ ገልብጣችሁ «ኤቦል» እንዳትሉብን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር
ከደብረ ብርሃን