«ብቻ» ብላችሁ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት የታካሚ ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ስለመዛወሩ «ካርድ ክፍል፣ ደህና ሰንብት!» ብላችሁ ያወጣችሁትን ዘገባ ያነበብኩት እዚያው ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ ነው። 17 ዓመት ሠርቼበታለሁ። ባልደረባዬ ስልኳን ዘርግታ «ነይ እዪ፣ ተባረናል» አለችኝና ሳቅን። አንዷ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። «ከእንግዲህ ሐኪሙ የታካሚውን ስምና የትውልድ ቀን ብቻ በማስገባት፣ በየትኛውም ጤና ተቋም ያለውን የሕክምና ታሪክ ያገኛል» ትላለች።

ብቻ!

እስቲ ከስሙ እንጀምር። ኃይለሥላሴ የሚባል ሰው መጣ እንበል። አንዱ ጤና ጣቢያ በሃሌታው «ሀ» ጽፎታል፣ ሌላው በሐመሩ «ሐ»፣ እኔ በብዙኃኑ «ኀ»። ሥላሴውስ በንጉሡ ነው በእሳቱ? ያጣበቀ አለ፣ የለያየ አለ፣ ቦታ ያጠረው ደግሞ «ኃ/ሥላሴ» ብሎ በእዝባር ገላግሎታል። ለእኛ ያው አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን፣ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ አምስት ሰው ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚሞላ ሲስተም ከሆነማ በአይ ይሁን በዋይ፣ በአንድ ኤስ ይሁን በሁለት፣ እንደ መዝጋቢው ስሜት ነው። ከውጭ የመጣው ፎርም ደግሞ «የቤተሰብ ስም» አምጡ ይላል። አንዷ የአባት ስም ታስገባለች፣ ሌላዋ የአያት።

የትውልድ ቀኑስ? እማማን «መቼ ተወለዱ?» ስንላቸው «ጣልያን በወጣ ዓመት» ይሉናል። 1933 ብለን እንጽፋለን። ቀንና ወር የግድ ነው ካለ መስከረም 1 እናደርገዋለን። (ካርድ ክፍል ብትገቡ መስከረም 1 የተወለደው ሕዝብ ብዛት ያስደነግጣችኋል።) ያ 1933 የፈረንጅ ዓመት መስሎት ወደሚቀበል ሲስተም ሲሄድ እማማ በአንድ ሌሊት 7 ዓመት ያረጃሉ። እሳቸው ይሁን፣ ይችሉታል። የ2 ዓመት ሕፃን 9 ዓመት ሲሞላው ግን ክትባቱም የምግብ እጥረት ልየታውም ገደል ገባ ማለት ነው።

መረጃ መለዋወጡን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። የናፈቀኝ እሱ ነው። ፋየር የሚሉትን የመረጃ መለዋወጫ መስፈርት ያወጣው ኤችኤል ሰቨን የሚባለው ድርጅት የተቋቋመው በ1987 (እ.ኤ.አ.) ነው። ይህን ያህል ዘመን የለፉበት ሰዎች እንኳ «ብቻ» አላሉም። ለአንድ ታካሚ የካርድ ቁጥሩንም የመታወቂያ ቁጥሩንም እንዲይዝ ቦታ ትተውለታል። ቀን ላይ ግን በፈረንጅ ነው፤ 13ኛ ወር አያውቅም። ጳጉሜን 3 የተወለደን ልጅ የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ በትክክል መቀየር ያለበት አንድ አካል አለ ማለት ነው። ፋይዳ፣ የብሔራዊ መታወቂያው ባለ 12 አኃዙ ቁጥር፣ ይህን ሁሉ ባያጠፋውም ብዙውን ያቀልልን ነበር። ዘገባችሁ ስለ ፋይዳ ትንፍሽ አላለም።

አሁን ደግሞ የራሴን እናት ልንገራችሁ። ስኳር አለባት። ሰፈር ያለ ላብራቶሪ ስትመረመር 198 ወጣ። ሪፈር ተጽፎላት ሌላ ቦታ ሄደች፤ እዚያ ደግሞ 11 ብለው ሰጧት። ከ198 ወደ 11! እልል አለች። አብሽዋ ሠራላት፣ መድኃኒቱን ልታቆም ነው፣ ለስለቷ ጃንጥላ ልትገዛ ነው። ወረቀቶቹን ከፌስታሏ አውጥቼ ጎን ለጎን ሳያቸው፣ በደቃቅ ጽሑፍ አንዱ ሚሊግራም በዴሲሊትር ይላል፣ ሌላው ሚሊሞል በሊትር። 11ን በ18 አባዙት። ያው 198 ነው፤ አንዲት ነጥብ አልወረደም። ሁለቱም ቦታ ኮምፒውተር ነበር፣ ሁለቱም ወረቀት በፕሪንተር የወጣ ነው። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ቢገናኙ ኖሮ እናቴን የሚያሳስታት ቁጥር በፍጥነት ይደርስ ነበር፤ ሌላ ለውጥ የለውም። አንድ ዓይነት መለኪያ፣ አንድ ዓይነት ኮድ ካልተስማማንበት ገመዱ ምን ያደርጋል?

ሌላም አለ። የጎረቤቴን ስም እስከ አያቷ አውቃለሁ። የልደት ቀኗንም አውቃለሁ፣ ዳቦ ቆርሳልኛለች። በእናንተ አባባል የኤችአይቪ ውጤቷን ልይላት? ካርድ ክፍሉ ቁልፍ ያለው ለጌጥ አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ በሕግም ያስጠይቃል። ማን ከፈተው፣ መቼ፣ ለምን የሚለውን ማን ይቆጣጠራል? ይህን የሚጠይቅ አንድ አንቀጽ ዘገባችሁ ውስጥ ባገኝ ደስ ባለኝ።

ሦስት ሰው አነጋግራችኋል። ፕሮግራመሩ፣ አስተባባሪው፣ አማካሪው። ለሦስቱም ፎቶ ወጥቶላቸዋል። ከእኛ ወገን የወጣው መደርደሪያው ነው፤ ከሥሩም «ኋላቀሩ አሠራር» የሚል ተጽፎበታል። አቧራውን አልክድም። ግን የሁለት መሐመዶች ካርድ ሲቀላቀል ማን እንደሚለየው ታውቃላችሁ? የእናቱን ስም ጠይቃ፣ ቀበሌውን ጠይቃ፣ የድሮ ፊርማ አይታ የምትለይ አንዲት ሴት አለች። ሲስተሙም ሲመጣ የሚሞላው በእሷ እጅ ነው። ሥልጠናው ላይ ግን እስከ ዛሬ የጠራን የለም፤ ማንዋሉንም ያየሁት ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ነው።

እርማት ካወጣችሁ ርዕሱን ተዉት፣ ለምጄዋለሁ። ያቺን «ብቻ» አውጡልን። ፎቶው ላይ ደግሞ ከላይ ሦስተኛው ረድፍ፣ በስተግራ፣ አንድ ፎልደር ተዘቅዝቆ ገብቷል። የየትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጻፋችሁም እንጂ ደውዬ እነግራቸው ነበር፤ ያ ታካሚ ሰኞ ቢመጣ ካርዱ ጠፍቷል ነው የሚባለው።

ከአንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ