አባባ፣ "የቀረውስ የት ገባ?" ላሉኝ

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ሚኒሶታ ብርዱ በርትቷል፣ ጠዋት ጠዋት የመኪናውን መስታወት በረዶ ፍቀን ነው የምንወጣው።

ባለፈው በስልክ አጋዘን መግደሌን ስነግርዎ "የቀረውስ የት ገባ?" አሉኝ። መስመሩ ተቋረጠና በደንብ ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ጥያቄው ግን ገብቶኛል። እዚህ አገር ሰው ሽንጡንና ታፋውን ወስዶ ሌላውን ጥሎ ይሄዳል ሲባል ሰምተዋል። እንደዚያ የሚያደርግ አለ፣ አልዋሽዎትም። እኔ ግን ነፍስ አጥፍቼ ግማሹን ለአሞራ ትቼ መምጣት አልችልም፣ ከእርስዎ ቤት አይደል የወጣሁት። ስለዚህ ምኑ የት እንደገባ ልንገርዎ፣ እኅቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

መጀመሪያ እማማ እንዳይጨነቁ ስለ ደሙ። ከመተኮሴ በፊት በስመ አብ ብያለሁ። ጥይቱ ሳንባውን ስለመታው ብዙ ሳይሄድ ወደቀ። እዚያው ደረቱንና ሆዱን ከፍቼ ደሙን አፈሰስኩት። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 ላይ የሚበላ አውሬ ያደነ ሰው ደሙን ያፍስስ፣ በአፈርም ይክደነው ይላል አይደል? የረገፈውን ቅጠል ገለጥ አድርጌ አፈር አለበስኩት። አብሮኝ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ፣ መሬቱም የእሱ ነው፣ ምን እየሠራሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስነግረው ባርኔጣውን አውልቆ እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ። እንስሳው ያመሰኳል፣ ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ዋላም በኦሪት ዘዳግም 14 ከሚበሉት ጋር ተቆጥሯል። ስለዚህ በዚህ በኩል ምንም አያስቡ።

መልኩን ላስረዳዎት፤ ከእኛ አገር ድኩላ ተለቅ ይላል፣ የጅራቱ ሥር ነጭ ነው፣ ሲሮጥ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ጉበቱን ሳወጣ እጄ ወዲያው ሐሞቱን መፈለግ ጀመረ፣ በግ ባረዱ ቁጥር "ሐሞቱን ተጠንቀቅ፣ ከፈሰሰ ሥጋውን ያመርረዋል" ይሉኝ ነበርና። ገለበጥኩት፣ ዳሰስኩት፣ የለም! የአጋዘን ጉበት ከነጭራሹ የሐሞት ከረጢት የለውም። በኋላም አንብቤ አረጋገጥኩ፣ ተፈጥሮው እንዲህ ነው። ጮማም ብዙ አልነበረውም፣ ወንዱ በዚህ ወቅት ሴት ሲያባርር ስለሚውል ይከሳል።

ቆዳውን ሥጋው ሳይቀዘቅዝ ገፈፍኩት። እርስዎ እንዳሳዩኝ ቢላውን እግሩ ላይ ብቻ ተጠቅሜ የቀረውን በጡጫ እየገፋሁ። እዚህ ብዙዎቹ ሲቀዘቅዝ ነው የሚገፉት፣ ያኔ ደግሞ ይጣበቃል፣ ቆዳውንም ይበሱታል። ባልደረባዬ አንድም ቀዳዳ ሳይኖረው ሲወጣ አይቶ ማን አስተማረህ አለኝ። አባቴ አልኩት።

አሁን ወደ ሥጋው። ሆድ ዕቃው ወጥቶ 60 ኪሎ ግድም ነበር፣ አጥንት የሌለው ሥጋ ደግሞ 27 ኪሎ ገደማ ወጣው። ለመብላት ግን አልቸኮልንም። እዚህ አጋዘንን አንጎሉን እየጎዳ፣ እያመነመነ የሚገድል በሽታ አለ። ወደ ሰው ስለመተላለፉ እስካሁን ማስረጃ የለም፣ ግን የታመመ እንስሳ እንዳይበላ የጤና ባለሥልጣናት ይመክራሉ፣ ማብሰልም አያጠፋውም። ስለዚህ ከጉሮሮው አካባቢ ዕጢ ተወስዶ ተመረመረ። ውጤቱ እስኪመጣ ጉበቱንና ልቡን ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥናቸው፣ ሥጋው ቀዝቃዛ ጋራዥ ውስጥ ተሰቅሎ ቆየ። ለእርስዎ ሥጋ ታርዶ በዚያው ቀን ካልተበላ ሥጋ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ይህ ግን ጥቂት ቀን ሲያርፍ ይለሰልሳል። ውጤቱ ንጹሕ ነው ተባለ። እንዲያም ሆኖ አንጎሉን፣ አከርካሪውን፣ ዓይኑንና ጣፊያውን አልነካንም። የጣልነው ይህንና አንጀቱን ነው።

ጨጓራውን ስከፍተው ፈርሱ በሙሉ በቆሎና የኦክ ዛፍ ፍሬ ነበር። እዚህ ጨጓራ የሚያጥብ ሰው አላየሁም፣ ጫካ ውስጥ ጥለውት ነው የሚሄዱት። እኔና ባለቤቴ በሙቅ ውኃና በጨው ደጋግመን አጥበን፣ ጥቁሩን ልጠን፣ ከጉበቱና ከቀይ ሥጋ ጋር ዱለት ሠራነው። ኮረሪማው ከእናንተ የመጣው ነው። ልቡንና ኩላሊቱን ጠበስናቸው፣ ምላሱን ቀቅለን ልጠን ከተፍነው። ትልቁ ልጅ ምላሱን ካልበላሁ ብሎ አስቸገረ፣ በእርስዎ ወጥቷል።

የአጋዘን ጮማ ግን አይወደድም፣ አባባ። ትንሽ ሲቀዘቅዝ እንደ ሰም ላንቃ ላይ ይጣበቃል፣ የማይወዱትን ጠረን የሚያመጣውም በአብዛኛው እሱ ነው። አንድ በአንድ አንስቼ የእማማን ቅቤ ተካሁበት። ጥብሱ ያኔ ጥብስ ሆነ!

ጭቅናውን ሲሰሙ አዋዜ እንደሚያምርዎት አውቃለሁ። በጥሬው ግን አልበላንም። የዱር እንስሳ ሥጋ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ ሊኖር ይችላል፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ አደገኛ ነው። ባለቤቴን እያሰብኩ ለብለብ እንኳ አልፈቀድኩም። በጥይቱም ተጠንቅቄያለሁ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሚኒሶታ ለችግረኞች በተሰጠ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ጥይት ስብርባሪ ተገኝቶ ነበር። ስለዚህ የመዳብ ጥይት ነው የምጠቀመው፣ ቁስሉ ዙሪያ ያለውንም ሥጋ ሰፋ አድርጌ ቆርጬ አወጣሁት። ልጅ ባለበት ቤት በዚህ አይቀለድም።

አጥንቱን ልጆቹ ቅልጥሙን ከመጠጡት በኋላ ቀኑን ሙሉ ቀቅለን መረቁን አስቀመጥን። አንገቱና ወርቹ ጅማት ስለሚበዛባቸው ለወጥ ሆኑ፣ ቀስ ብሎ ሲበስል ጅማቱ ይቀልጣል። ፍርምባውንና ጎድኑን ቅርጫ አደረግነው። በርግጥ ቅርጫ ገንዘብ አለው፣ የዱር አጋዘን ሥጋ መሸጥ ግን በሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ እንደ ቅርጫ መደብ መደብ አድርጌ፣ ከሽንጡም እየጨመርኩ፣ ዕጣ አውጥተን በነጻ ተካፈልን። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ቤተሰቦች መጡ። ባሏ የሞተባት አንዲት ጎረቤታችንም ነበረች፣ የእሷን ዕጣ ሳላወጣ መጀመሪያ ሰጠኋት። እርስዎ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

ታፋው በሙሉ ቋንጣ ሆነ። እዚህ የአደኑ ወቅት የሚከፈተው በጥቅምት መጨረሻ ነው፣ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ ረቡዕና ዓርብ ሲቀነስ ሥጋ የሚበላበት ጊዜ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ይህ ሁሉ ሥጋ በዚያ ጊዜ ይለቅ ቢባል ሆዳምነት ነው፣ ወይ ደግሞ ብክነት። ታፋ ጮማ የለውም፣ ቋንጣን ቶሎ የሚያበላሸው ደግሞ ጮማው ነው፣ ስለዚህ አጋዘን ለቋንጣ የተፈጠረ ነው ብል አላጋነንኩም። ረጃጅም አድርጌ ዘለዘልኩት፣ ጨው፣ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ አሸሁት። መጀመሪያ ውስጡ 71 ዲግሪ እስኪደርስ ምድጃ ውስጥ አሞቅሁት፣ የእዚህ አገር ባለሙያዎች ጀርም እንዲሞት እንደዚያ ነው የሚመክሩት። ከዚያ ምድር ቤት ገመድ ዘርግቼ ሰቀልኩት። በክረምት የማሞቂያው አየር ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ደረቀ። አሁን በጨርቅ ተጠቅልሎ ታኅሣሥ 29ን ይጠብቃል። የገና ጠዋት ቋንጣ ፍርፍር ነው።

ቀንዱ ዋንጫ አይወጣውም። እንደ በሬ ቀንድ ውስጡ ክፍት አይደለም፣ ድፍን አጥንት ነው፣ ወንዱ በየዓመቱ ይጥለውና እንደ አዲስ ያበቅላል። ለሁለት ቢላ እጀታ ይሆናል፣ አንዱ የእርስዎ ነው።

የቀረው ቆዳው ነው፣ ደብዳቤውንም የጻፍኩት ግማሹ ለእሱ ብዬ ነው። የአጋዘን አዳኞች ማኅበር በየቦታው ሳጥን አስቀምጦ ቆዳ ይሰበስባል፣ ገቢውንም ለዱር እንስሳት መኖሪያ ያውለዋል፣ ጥሩ ሥራ ነው። እኔ ግን አልሰጠሁም። ጨው ነስንሼ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። ለአጎዛ አይሆንም፣ ፀጉሩ ውስጡ ባዶ ስለሆነ እየተሰባበረ ይረግፋል። ጠፍር ላወጣለት ነው የፈለግሁት፣ እርስዎ ለአልጋው እንደሚያወጡት ዓይነት፣ ለልጆቹ በርጩማ ልሠራበት።

ከዳር ጀምረው እየዞሩ ሳይቆረጥ እስከ መሃል እንደሚሄዱ አስታውሳለሁ። የማላውቀው ይህን ነው፦ ፀጉሩ የሚፋቀው ከመቆረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሲቆረጥስ እርጥብ መሆን አለበት ወይስ ጠፈፍ ሲል? ሲወጠር ድንጋይ ይንጠለጠልበት የነበረው ስንት ቀን ነው? የአጋዘን ቆዳ ከበሬው ስስ ነውና ጠፍሩን ምን ያህል ላስፋው? መልሱን በእኅቴ ስልክ በድምፅ ይላኩልኝ፣ እስከዚያ ከጨው አላወጣውም።

ልጅዎ